አባት ለልጁ አገር የሚሰጥበት ጨዋታ

በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። አባት ከጽሕፈት ቤቱ ወይም ከመደብሩ ተመልሶ የደጁን መዝጊያ ሲከፍት ልጆቹ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ፤ ሲስቅ የነበረው ዝም ይላል፤ ወለሉ ላይ የተበተነው ጠጠርና ቆርኪ በፍጥነት ይሰበሰባል፤ ትንሹም ወደ እናቱ ቀሚስ ይጠጋል። አባትየው ይህን የአክብሮት ምልክት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በከፊልም አክብሮት ነው። እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፤ እራት ይቀርብለታል፤ ከዚያ በኋላ ጋዜጣውን ይዘረጋል፤ በዛሬው ዘመን ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ያወጣል። ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ከአባታቸው ጋር የተነጋገሩት ቃል ቢቈጠር ከዐሥር አይበልጥም፤ ከዚያም ውስጥ የሚበዛው «አቤት» እና «እሺ» ነው።

ይህ ሰው ክፉ አባት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ለእነርሱ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ፥ ጫማውንና ደብተሩን የሚያሟላ እርሱ ነው። ነገር ግን ሕፃን ደመወዝ ምን እንደ ሆነ፥ ትርፍ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። የአምስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ማን አጠገቡ እንደ ተቀመጠ፥ ማን እንደ ሰማውና ማን አብሮት እንደ ሳቀ ነው። ወደ አባት ነገር እንደማይወሰድ በአምስት ዓመቱ የተማረ ልጅ ይህን ትምህርት በዐሥራ አምስት ዓመቱ አይረሳውም። የሰበረውን ብርጭቆ የደበቀ በኋላ የትምህርት ቤት ጥፋቱን ይደብቃል፤ ቀጥሎም ከዚያ የሚከብደውን ጭንቀቱን ይደብቃል። በአስተዳደር ሥራ የቈየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ አለቃው እጅግ በሚፈራበት መሥሪያ ቤት መጥፎ ወሬ ወደ ላይ የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነውና። ነጋዴም ያውቀዋል፤ ጌታውን የሚፈራ የመደብር ሠራተኛ ጉድለቱን እስከ ቈጠራው ቀን ድረስ አይናገርም።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ ቀረጥም አይከፈልበትም። የሚያስፈልገው ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው፤ መሣሪያውም ከጥንት ጀምሮ በቤት ውስጥ ያለው እንቆቅልሽ፥ ተረትና ገበጣ ነው። ከሦስቱ አስቀድሞ እንቆቅልሽን ማንሣት ይገባል፤ ምክንያቱም በሌላ ጨዋታ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ሕግ አለው።

ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል፤ ጥያቄውም ይነገራል። ተጠያቂው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ መልሱ ሲጠፋው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። የጨዋታው ቁም ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተሸነፈው ሰው አንድ አገር መስጠት አለበት፤ ጠያቂውም የተሰጠው አገር ትንሽ መስሎ ከታየው «አልፈልግም፥ ሌላ ስጠኝ» ለማለት ሙሉ ሥልጣን አለው። የወደደውን ባገኘ ጊዜ ወደዚያ አገር ገብቶ ምን እንደ በላ፥ ምን እንደ ጠጣ፥ ማን ወጥቶ እንደ ተቀበለው፥ ተሸናፊውንም ምን እንዳደረገው በኩራት ይዘረዝራል። መልሱን የሚገልጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ቀኑን ሙሉ አውራጃ ሲያስተዳድር የዋለ ሹም ማታ ከአምስት ዓመት ልጁ ፊት ተቀምጦ በአንድ ጥያቄ ይሸነፍ። ከረንን ይሰጣል፤ ልጁ እንቢ ይላል። አቆርደትን ይሰጣል፤ አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ ምጽዋ ከነወደቧ ትሄዳለች፤ ውል የለ፥ ማኅተም የለ፥ ይግባኝ የለ። ሕፃኑም ምጽዋ ገብቶ ዓሣውን ይበላል፤ መርከቡ ላይ ይወጣል፤ አባቱን ከወደቡ ከረጢት ያሸክመዋል። ሁለቱም ይስቃሉ። «ይስጡኝ» እያለ የሚያድግ ጨዋ ልጅ እንኳ በዚህ ጨዋታ «ስጠኝ» ቢል ነውር አይሆንበትም፤ ሕጉ ራሱ ፈቅዶለታልና። በነጋታው አባቱ እንደ ወትሮው አባቱ ነው፤ ከክብሩ አንዳች አልጐደለም። አባት ትልቅ ሰው መሆኑንና ከዚህ ትልቅ ሰው ጋር መነጋገር፥ መወዳደርም እንደሚቻል ልጁ ባንድነት የሚያውቀው በእንዲህ ያለ ምሽት ነው። ይህን ዕውቀት በምክርና በተግሣጽ መስጠት አስቸጋሪ ነው።

ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተጣመረችበት ከ1945 ዓ.ም. አንሥቶ ፌዴሬሽኑ እስከ ፈረሰበት እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ በአሥመራና በምጽዋ በሹመትና በንግድ ይኖር የነበረው ትውልድ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ምሳሌ ይሆናል። ያ ትውልድ ልጅ በነበረበት ጊዜ የጣልያን ቅኝ አገዛዝ ለአገሬው ተወላጅ ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት አልፈቀደም ነበር። ስለዚህ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያለውን ዕውቀት በጆሮ እየሰማ፥ በአፍ እየጠየቀ መልቀም ነበረበት። ትግርኛውን ከቤቱ፥ ዓረብኛውን ከገበያው፥ ጣልያንኛውን ከጌቶቹ፥ አማርኛውን ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘ ሰው ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ያለው አባት ኑሮው ሲሻሻል ልጁን ወደ ደኅና ትምህርት ቤት መስደዱ እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ክፍያውን ከከፈለ በኋላ «ልጄ የሚማረው እዚያ ነው» ብሎ የምሽቱን ጨዋታ ለእናቶችና ለአያቶች ብቻ ትቶ እንደ ሆነ እርሱን ራሱን ያሳደገውን ትምህርት ቤት ዘግቶታል ማለት ነው።

እናቶችን በዚህ ነገር ማስተማር አያስፈልግም። እሹሩሩ ብለው ያስተኙት፥ አዝለው ቡና የቈሉት፥ «እቃ እቃ» ሲጫወት የጭቃ እንጀራውን ተቀብለው የጐረሱ መስለው «ይጣፍጣል» ያሉት እነርሱ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚበዛውን ቃል ወደ አባት የሚያዞረው ስለዚህ ነው።

የሦስት ዓመት ሕፃን ገና እንቆቅልሽ አይፈታም፤ የሚወደው «ምን አውቅልሽ» ብሎ መጮኽንና አገር መቀበልን ነው። ለእርሱ ጥያቄው በዓይኑ ከሚያየው ነገር ይሁን። አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ከወላጁ ሥራና ከሚኖርበት ከተማ የተወሰደ ጥያቄ ቢቀርብለት ይደሰታል። የምጽዋ አባት «ከውኃ ተወለደች፤ ውኃ ሲነካት ትጠፋለች» ብሎ ቢጠይቅ፥ የጨው ማምረቻውን ነጭ ክምር ያየ ልጅ ይደርስበታል። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ «አፍ የለው ይናገራል፤ እግር የለው አገር ያቋርጣል» ይበል፤ መልሱ ደብዳቤ ነው። ነጋዴም «ሁለት ሳሕን ይዞ ይውላል፤ አንድ ቀን ግን አይበላም» ቢል ልጁ በማግሥቱ ወደ መደብሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመለከተው ሚዛኑን ነው።

ልጁም በተራው ይጠይቃል። የሕፃን እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፤ ቢኖረውም ጠያቂው በመካከል ይለውጠዋል። ድመት ነው ያለውን አባት ድመት ሲለው «አይደለም፥ በግ ነው» ይላል። ይህን ለማረም መቸኰል አይገባም፤ አገሩን መስጠት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው እንቆቅልሹን ወደ ፈተና የሚለውጠው አባት ነው። «ይህን ታዲያ እንዴት አታውቅም? የጎረቤታችን ልጅ እኮ ያውቀዋል» ባለ ጊዜ ጨዋታው በዚያው ምሽት ሞቷል፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ «እንቅልፌ መጣ» ማለት ይጀምራል። በሌላ በኩል ሁልጊዜ ሆን ብሎ መሸነፍም አይበጅም። ሕፃናት ሐሰተኛ ሽንፈትን ከሚገመተው በላይ ቶሎ ይለያሉ፤ እንዲህ በተገኘ አገርም ብዙ አይኰሩም።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ የተማረ አባት በመሥሪያ ቤት የሚናገርበትን ቋንቋ ልጁ ቶሎ እንዲያውቅለት ሲል ጨዋታውን ሁሉ በዚያ ያደርገዋል። ልጁ ግን የሚስቀውና የሚቀልደው በእናቱ ቋንቋ ነው። በአማርኛ እንቆቅልሽ የሚባለው በትግርኛ ሕንቅልሕንቅሊተይ ይባላል፤ ቤቱ ትግርኛ የሚናገር ከሆነ በዚያ ይጫወቱ። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ በጊዜው ይመጣል። ኤርትራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ሁለቱ አገሮች በድንበር ቢለያዩም፥ እንቆቅልሽ ግን በሁለቱም ወገን በየምድጃው ዳር ተቀምጧል።

የሕፃናትን አስተዳደግ የሚያጠኑ ሊቃውንት በበኩላቸው የደረሱበት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት፥ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ ከሌሎች ጋር ሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ ለታዳጊ ሕፃን ከሚያስፈልጉት አምስት ነገሮች መካከል ከጤናና ከምግብ ጋር አብረው የቈጠሩት፥ አሳዳጊው ለሕፃኑ ድምፅና ምልክት ተገቢውን ምላሽ መስጠቱን ነው። ሕፃኑ ያመለክታል፥ ይጠይቃል፥ ይንተባተባል፤ ትልቁ ሰው ይመልስለታል፤ ሕፃኑ እንደ ገና ይቀጥላል። በዚህ መመላለስ የሕፃኑ አእምሮ ይበረታል፤ ንግግሩም ይቃናል። «እንቆቅልሽ» እና «ምን አውቅልሽ» ሌላ ምንድን ናቸው? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1989 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ባጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ጨዋታን ከሕፃን መብቶች አንዱ አድርጎ ጽፎታል።

ወደ ተረት እንለፍ። በተረት ላይ አባቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ምክንያት «ተረት አላውቅም» የሚል ነው። ይህ ምክንያት አይጸናም፤ ጅብ፥ አህያና ዝንጀሮ እስካሉ ድረስ ተረት አያልቅም። «ተረት ተረት» ብሎ ጀምሮ «የላም በረት» ያሰኘ ሰው ግማሹን ሥራ ሠርቷል። ሲጨርስም ተረቱ እንዲመለስለትና አፉ በዳቦ እንዲታበስለት መጠየቁን አይርሳ፤ ልጁ ተነሥቶ እውነተኛ ቍራሽ ዳቦ ይዞ ቢመጣ ደግሞ መቀበልና መብላት ይገባዋል። አንዱን ተረት ልጁ ሃያ ምሽት ቢጠይቅ መሰልቸት ለተራኪው እንጂ ለልጁ አይደለም፤ ተራኪው አንዲት ቃል ቢዘል ወዲያው የሚያርመው እርሱ ነው።

የተስፋዬ ሣህሉ ነገር እዚህ ላይ ይታወሳል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለልጆች ተረት በመንገር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የታወቁ፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ነበሩ። አገር ሁሉ የሚያውቃቸው «አባባ ተስፋዬ» በሚለው ስም ነው። የራሱ አባት በጓዳው ጋዜጣ እያነበበ፥ በሣጥን ውስጥ ያለውን የማያውቀውን ሰው «አባባ» እያለ ያደገው ልጅ ስንት ይሆን?

ገበጣ ለነጋዴ ቤት የተለየ ጥቅም አለው። ጨዋታው ጥንታዊ ነው፤ በሰንዓፈ አጠገብ ባለችው በመጠራና በትግራይ በየሓ ከገበጣ ጋር የሚዛመድ ቅርስ መገኘቱ ተጽፏል፤ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም በኢትዮጵያና በአካባቢው ያለውን የገበጣ ዓይነት ሰብስበው በ1971 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፥ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፤ ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። ለጀማሪ ልጅ ሁለት ረድፍ፥ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፥ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ይበቃል፤ ይህም በጠቅላላው 48 ጠጠር ይሆናል። ገበታው ከእንጨት የተፈለፈለ ካልተገኘ መሬት ላይ መቈፈር ነው። በጠጠር ፈንታ ባቄላ ይሆናል፤ በምጽዋ ደግሞ ከባሕር ዳር የተለቀመ ትንንሽ ዛጎል ከሁሉ ያምራል፤ ልጁ ራሱ ሲለቅመው ውሎ ከሆነ በጨዋታው ላይ ያለው ትጋት እጥፍ ነው።

ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ አንሥቶ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሁለት ይጥላል፤ አንዱን ጉድጓድ ይዘላል፤ መጨረሻው የት እንደሚወድቅ አያውቅም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን እጁን ከማንሣቱ በፊት በዓይኑ ሲቈጥር ይታያል። በዚያች ቅጽበት አባት ዝም ማለት ይገባዋል። «ያንን አንሣ፥ ይሻልሃል» የሚል አባት የሚጫወተው ከራሱ ጋር ነው። ልጁ እየቈጠረ ዝም ያለበት ያ ጊዜ ለነጋዴ ልጅ የወደፊት ሀብት ነው፤ ለአባትም የልጁን አሳብ በፊቱ ላይ የሚያነብበት ብቸኛ ጊዜ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል፦ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ ጠጠሩም፥ ባቄላውም፥ ዛጎሉም ከእርሱ ይራቅ።

የዕረፍት ቀን ሲሆን ጨዋታው ከቤት ሊወጣ ይችላል። አሥመራ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ዛሬ ሐርነት በሚባለው ጎዳና ዘንባባዎቹ ሥር ማታ ማታ መንሸራሸር ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፤ ልጁን በእጅ ይዞ የሚሄድ አባት እርምጃውን በልጁ እርምጃ ቢለካ፥ ሰላምታውንም ከወዳጆቹ ጋር ቢያሳጥር ይበቃዋል። በ1938 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ወደ ተሠራው የፊያት ታልየሮ ነዳጅ ማደያም ይውሰደውና «ክንፍ አለው አይበርም» ብሎ ይጠይቀው፤ ሕንፃው በሁለት ረጃጅም የሲሚንቶ ክንፎች አውሮፕላን መስሎ የቆመ ነው። ከተማዋ በ2017 ዓ.ም. (በፈረንጆች) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ እንደዚህ ባሉ ሕንፃዎቿ ምክንያት ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በ1911 ዓ.ም. (በፈረንጆች) አሥመራ የደረሰው ባቡር ዘወትር ይመላለስ በነበረበት ዘመንም፥ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚወጣው በዚያ 118 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፥ ዋሻ መቍጠር ለልጅ ከተረት የማይተናነስ ጨዋታ ነበር። ምጽዋ ላይ በላብ የተጠመቀው ልጅ አሥመራ ሲደርስ ካፖርት ይለምናል፤ ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም፤ አባት ይህን ጥያቄ «ዝም በል» ብሎ ቢያሳልፈው የመንገዱን ግማሽ ዋጋ ጥሎታል።

መቼም ሹም በቦታው አይረጋም። ባሬንቱ ወይም አቆርደት የተመደበና ቤተ ሰቡ አሥመራ የቀረ አባት ልጁን በዓመት ስንት ጊዜ ያየዋል? ለእንዲህ ያለው ሰው ደብዳቤ አለለት። ለሚስቱ ከሚጽፈው ከወጪና ከጤና ወሬ በታች ለልጁ አንድ እንቆቅልሽ ይጨምር፤ መልሱንም ለሚቀጥለው ደብዳቤ ያቈይ። ልጁ ፊደል ባይቈጥር እናቱ ታነብለታለች፤ መልሱንም እርሱ እየነገራት ትጽፋለች፤ ካልቻለ ደግሞ አገሩን በፖስታ ይልካል። ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚኖሩ ብዙ እናቶችና አባቶች በስልክ ከልጆቻቸው ጋር ይነጋገራሉ። ንግግሩ ግን ቶሎ ያልቃል፦ «ደኅና ነህ? በላህ? ትምህርት እንዴት ነው?» ከተባለ በኋላ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሳይፈታ የቀረ አንድ እንቆቅልሽ ቢኖር ልጁ ራሱ ስልኩ እስኪጮኽ ይጠብቃል።

ስለ ሰዓቱም ልክ ማወቅ ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት፥ ቢያንስ 180 ደቂቃ ያህል ደግሞ በሩጫና በእንቅስቃሴ መዋል እንደሚያስፈልገው፥ በቴሌቪዥንና በስልክ መስታወት ፊት የሚቀመጥበትም ጊዜ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ተናግሯል። ስለዚህ አባት አምሽቶ በገባበት ቀን ልጁን ከእንቅልፉ አስነሥቶ ማጫወት ፍቅር ቢመስልም ጉዳት ነው። ጧት ከቁርስ በፊት ያለችው ሩብ ሰዓትም ትበቃለች፤ ጫማ እየታሰረ አንድ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፤ አገሩም እስከ ማታ በብድር ይቈያል።